የእሑዱ ተመን

"ጋሽ ትናንት" የሚባሉት የባንኩ መዝገብ ያዥ የድሮውን ተመን ጥራዝ ከላይኛው መደርደሪያ ሲያወርዱት አቧራው ቀድሟቸው ወረደ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገጾቹን ገለጡ። ዓርብ አለ። ሰኞም አለ። በመሃል ምንም የለም።

"እሑድ ነበር፣ እህቴ" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። "ባንክ ደግሞ እሑድ የምንዛሪ ተመን አያወጣም።"

"እኔ ግን ገንዘቡን የሰጠሁት እሑድ ነው" አለች ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ። "ወንድሜ ወረቀት ላይ ፈርሞ የተቀበለኝም እሑድ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?"

እዚህ ባንክ ምድር ቤት ውስጥ የስንት ዓመት ተመን ተጠርዞ ተቀምጧል። ላይ ፎቅ ያሉት ልጆች የዛሬውን ዋጋ ይናገራሉ፤ ያለፈውን የሚያውቁት ሽማግሌው ብቻ ስለሆኑ "ጋሽ ትናንት" የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን አልጠሉትም። የጠሉት ደረጃውን ነው። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ለጡረታ አራት ወር ቀርቷቸዋል።

ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ኖራለች። አንድ ጊዜ ለእረፍት መጥታ ሳለ አራት ሺህ ዶላር ለወንድሟ ሰጠችው፤ ከግቢው ጓሮ ሁለት ክፍል ሠርቶ በስሟ እንዲያደርግላት። ክፍሎቹ ተሠሩ፣ ስሙ ግን የሱው ሆኖ ቀረ። አምና ግቢውን ጠቅልሎ ሸጠው። ፍርድ ቤት ገንዘቧን በሰጠችበት ዕለት ተመን አስልቶ ይመልስላት ብሏል፤ የዕለቱን ተመን እንዲገልጽ ደግሞ ለባንኩ ደብዳቤ ጽፏል። ቀጠሮው ነገ ነው።

"ዓርብ ስንት ነበር፣ ጋሼ?"

"ዘጠኝ ከሃያ።"

"ሰኞስ?"

"አሥራ ሦስት ከሰማንያ። መንግሥት ቅዳሜና እሑድን ጠብቆ የአገሩን ገንዘብ ዋጋ ጣለው።"

ሴትዮዋ በምሬት ሳቀች። "እሱ እኮ ሰኞ በጠዋት ነው የመነዘረው! 'አንቺ አትድከሚ፣ እኔ እመነዝረዋለሁ' ብሎኝ። አሁን ዳኛ ፊት ቆሞ 'በዓርቡ ይታሰብልኝ' ይላል። የእናቴ ልጅ!"

ጋሽ ትናንት በቁራጭ ወረቀት አሰሉት። በዓርቡ ሠላሳ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ። በሰኞው ሃምሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ።

"አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ካልከፈልሽ ልቀቂ ብላኛለች" አለች ወረቀቱን እያየች። "አርባ ስምንት ሺህ። የሰኞውን ከጻፉልኝ ቤት አለኝ፤ የዓርቡን ከጻፉ የለኝም።"

ባንኩ የሥራ ቀን ላልሆነ ዕለት የሚጽፈው በልማድ ከዚያ በፊት ያለውን የሥራ ቀን ተመን ነው። ጋሽ ትናንት ይህን ሊነግሯት አፋቸው ላይ ደርሶ መለሱት። እንዲህ እያሉ ሰው መመለስ ምንኛ ሰለቻቸው!

"ዛሬ ቢሆንስ ስንት ይሆን ነበር?" አለች። "እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።"

ይህን የማይጠይቅ ሰው የለም። መኪና የሸጠውም፣ ለልጁ ትምህርት ያስቀመጠውም፣ ውርስ የተካፈለውም ያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም "ይቅርብህ፣ ባታውቀው ይሻልሃል" ብለው ይሸኙታል። ዛሬ ግን "ይቅርብሽ" ማለቱ ራሱ ደከማቸው።

"ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ" አሉ።

"በሱ እኮ፣ ዳር ላይም ቢሆን፣ አንድ ክፍል ቤት ይገዛ ነበር" ብላ ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ጋሽ ትናንት ተናደዱ፤ በወንድሟ ሳይሆን በራሳቸው። ይህን ሁሉ ዓመት የተጠየቁትን ብቻ እየመለሱ፣ ለራሳቸው ሐቀኛ ሰው ነኝ ሲሉ ኖረዋል። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረው በሁለት ጣት እየለቀሙ ጻፉ፤ አትመው ሲጨርሱም "እዚሁ ጠብቂኝ" ብለዋት፣ የደረጃውን እጀታ ይዘው አንድ በአንድ ወጡ።

የክፍል ኃላፊው በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ነው። ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበ። "በተጠቀሰው እሑድ ተመን አልወጣም። የዓርቡ ዘጠኝ ከሃያ፣ የሰኞው አሥራ ሦስት ከሰማንያ ነበር። አራት ሺህ ዶላር በዛሬው ተመን ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ነው።" ቀና አለ። "ጋሼ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ምንድን ናት?"

"የዛሬው ዋጋ ነዋ።"

"እሱንማ አየሁት። ማን ጠየቀዎት?"

"ማንም አልጠየቀኝም። ውሸት ነው እንዴ?"

"ውሸትማ አይደለም። ግን እኛ የዓርቡን ጽፈን ነው የምንገላገለው። ነገ ሰውዬው 'ባንኩ ወገነ' ብሎ ቢከስስ ማን ሊጠየቅ ነው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ፣ አራት ወር እኮ ነው የቀረዎት። ከራስ በላይ ነፋስ። የዛሬውን ያውጡትና አሁኑኑ ልፈርምልዎ።"

ክፉ ልጅ አይደለም፤ እውነቱንም ነው። ጋሽ ትናንት ጉልበታቸው እየጠዘጠዛቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጡረታቸውን አሰቡ፣ ገና የማትሠራ የመጨረሻ ልጃቸውን አሰቡ። ፈሩም። ቢሆንም እጃቸውን ዘርግተው ደብዳቤውን ከፊቱ ሳብ አደረጉት፤ ከግርጌው "የክፍል ኃላፊ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙ፣ ከጎኑ "መዝገብ ያዥ" ብለው ጻፉና ፈረሙበት።

"ማኅተሙን አቀብለኝ፣ ልጄ" አሉ።