ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ

የታላቅ እህቴን ባል ወርክሾፑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ጋሽ ቀስ ነው የሚሉት። መቁረጫው ወደ ብረቱ ሲጠጋ አንድ እጁን ማቆሚያው አዝራር ላይ አድርጎ፣ ማሽኑ ጆሮ ያለው ይመስል፣ «ቀስ… ቀስ… እንደሱ» ይላል። በአምስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀሰው ባለ አምስት አክሲሱ ማሽናችን ከመጣ ጀምሮ ይህንኑ ሲለው ኖሯል። ተራ ፍሬዛ፣ ብረት መፋቂያው ማሽን፣ መቁረጫውን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ይወስዳል። ይህኛው በዚያ ላይ ሥራውን የተሸከመውን ጠረጴዛ ያጋድለዋል፣ ያዞረዋል። ስለዚህ የሰው እጅ ብቻውን አይበቃውም፤ መንገዱን አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ የሚያሰላለት የካም ሶፍትዌር ይፈልጋል። ጋሼ የሚሠራበት ሶፍትዌር ዕድሜው የገፋ ስለሆነ እኛ «አሮጌው» እንለዋለን። እሱም በሰማ ቁጥር «እኔን ነው እሱን?» ይላል።

እኔ የመለኪያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ተቆርጦ የወጣው ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ ነው ልክ ነው አይደለም የሚባለው። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለሆነ ሰዎች ሆዳቸው ሲብስ እየመጡ ያወሩልኛል፤ እኔም እየለካሁ እሰማለሁ።

አለቃው አንድ ጠዋት ሁላችንንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበን። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ወርክሾፑን የሚመራው እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በቅርቡ የተቀጠረችውን፣ ማሽኑ ላይ ገና ምንም ያልቆረጠችውን ፕሮግራመር አጠገቡ አቁሞ፣ የሁለት ሶፍትዌር ፈቃድ እያደሰ መቀጠል እንደማይችል ነገረን።

«እሷ የምትሠራበትና ጋሼ የሚሠራበት ይወዳደሩ» አለ። «ሥራው አንድ፣ አሉሚኒየሙ አንድ፣ መቁረጫው አንድ። የተሻለውን እንይዛለን።»

«ሰዎቹንስ?» አለ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠራው፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

አለቃው ወለሉን እያየ «ለሁለት ፕሮግራመር የሚሆን ሥራ የለኝም» አለ።

ነገሩ ለሁላችንም ገባን። አዲሷ ልጅ ሁለቱንም ሶፍትዌር ታውቃለች። ጋሼ ግን አዲሱን ለመልመድ ጀምሮ ትቶታል፤ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ምስሎች ዓይኑን ያደክሙታል። አሮጌው ከተጣለ እሱም አብሮ ይጣላል ማለት ነው።

የተመረጠው ሥራ ኢምፔለር ነበር፤ ፓምፕ ውስጥ ውሃውን የሚገፋው፣ ክንፎቹ እንደ አበባ ቅጠል የተጠማዘዙ መንኮራኩር። አምስቱም አክሲስ አንድ ላይ ካልተንቀሳቀሱ አይቆረጥም። ጋሼና አዲሷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲዘጋጁ ሰነበቱ፤ ተፎካካሪ ሳይሆኑ አባትና ልጅ ይመስሉ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሶፍትዌር እኮ መቁረጫው በየት በየት እንደሚያጋድል መስመር ካልሳሉለት አያውቅም» ትለዋለች።

«ያንቺ ሳይነግሩት ያውቃል?»

«ያውቃል። ክንፉ ይሄ ነው፣ ወለሉ ይሄ ነው እለዋለሁ፤ ግጭት ካለ ራሱ ይሸሻል። ማሽኑንም እንዳለ ስክሪን ላይ አቁሞ ያሳየኛል።»

«መሸሹንስ ስክሪንሽ ላይ አይቼዋለሁ። ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው እስኪደርስ ስንቴ ብድግ እንደሚል። ጥሬ የምትለቅም ዶሮ ነው የሚመስለው።»

ሳቀች። «እሱስ እውነትዎን ነው። እያስተካከልኩት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም የየራሳቸው ነገር ነበራቸው። እሷ በግማሽ ቀን የምትጨርሰውን ጋሼ ቀናት ይፈጅበታል። የእሱ ግን መቁረጫው አንዴ ከገባ ሳይነሳ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ እያንዳንዱን መስመር በልቡ እየሄደበት ስለሳለው ነው።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ እህቴ ቤት ጎራ አልኩ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ጋሼ ገና አልገባም።

«አንተ ነህ አሉ የምትለካው» አለችኝ።

«ማሽኑ ነው የሚለካው እትዬ። እኔ የወጣውን ነው የማነበው።»

«እንድትዋሽ አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ቤት ተቀምጦ ምን ሊሆን ነው? ቴሌቪዥኑን ቀስ፣ ቀስ ሊለው ነው?» በራሷ ንግግር ሳቅ አመለጣትና አፏን በፎጣው ሸፈነች። ፎጣውን ስታወርደው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ከውድድሩ በፊት ማሽኑ ይስተካከል ያለው ጋሼ ራሱ ነው። አለቃው ጋ ገብቶ «ባለሙያ ይምጣና የጠረጴዛውን መሃል ይፈትሽ» አለው። «በኋላ የተሸነፈው ሰው በማሽኑ እንዳያመካኝ። ለእሷም ለእኔም ነው።» አለቃው ደስ አለው። ባለሙያው መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ኳስ ተክሎ፣ እያጋደለና እያዞረ ሲለካ ዋለ። በመጨረሻ ማሽኑ የጠረጴዛውን መሃል የሚያውቅበት ቦታ ከእውነተኛው ትንሽ የተዛነፈ ነበር ብሎ አቃናውና ሄደ። ጋሼ አጠገቡ ቆሞ መብራት ሲይዝለት ነበር። አመስግኖ እስከ በሩ ሸኘው።

የውድድሩ ዕለት መጀመሪያ የቆረጠችው አዲሷ ናት። ቶሎ አለቀላት። ክንፎቹ ላይ መቁረጫው የተነሳበት ቦታ ሁሉ ስስ ጭረት ይታያል። ጋሼ ቀጠለ። ማሽኑ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ እያንጎራጎረ ሠራለት፤ እሱም እጁን አዝራሩ ላይ አድርጎ ቀስ ሲለው ነበር። በሩ ተከፍቶ ማቀዝቀዣው ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ኢምፔለሩ እንደ መስታወት አበራ። ባለ ቶርኖው ጎንበስ ብሎ አየውና አገጩን እየዳበሰ «ምላጭ ያለው ሰው ያበድረኝ፤ እዚሁ ልላጭ» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጋሼ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት አየ፤ እንዳይታይበት ነው እንጂ ፊቱ በርቶ ነበር።

ሁለቱ ሥራዎች እኔ ጋ መጡ። ከመለካቴ በፊት የመለኪያ ማሽኑን በልቤ «ያለውን አሳየኝ» ማለት ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ግን ቃሉ እንቢ አለኝ። ምን እንዲያሳየኝ እንደምፈልግ አውቀው ነበርና ኀፍረት ያዘኝ። ቢሆንም አልኩት።

የአዲሷ ልኩን ጠብቋል። የጋሼን አስቀመጥኩ። የመለኪያው ጫፍ ክንፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይወጣ ጀመር። እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ወገን ከልኩ በላይ ተበልቷል፣ በሌላው ወገን ተርፏል። የመለኪያውን ጫፍ ጠርጌ፣ ሥራው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ደገምኩት። ያው ነው። በሩን ከፍቼ ጋሼን ጠራሁት።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ደግመኸዋል?»

«ደግሜዋለሁ።»

«ሁሉም ወደ አንድ ወገን ነው?»

«ወደ አንድ ወገን ነው።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። «ፕሮግራሙ አይደለም» አለ። «ፖስቱ ነው።»

ፖስት የምንለው ሶፍትዌሩ ያሰላውን መንገድ ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይረው ክፍል ነው። እንደ አስተርጓሚ በሉት። የአሮጌውን ሶፍትዌር ፖስት የሠራው ራሱ ጋሼ ነው፤ ከእሱ በቀር ከፍቶ ያየው የለም።

«ድሮ መቁረጫው ከጠረጴዛው ጋር ተላትሞ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሃል?» አለኝ። «መሃሉ ያኔ ነው የተዛነፈው። የሚያቃናው ባለሙያ ጠፋ፣ ሥራው ደግሞ ይነዳናል። እኔ ፖስቱ ውስጥ ገባሁና የተዛነፈውን ያህል በተቃራኒው ጨመርኩበት። ለጊዜው ብዬ ነበር። አሁን ሰውየው ማሽኑን አቀናው። ማሽኑ ሲቃና የእኔ ማቃኛ ራሱ ጠማማ ሆነ።»

ቀለል አለኝ። «ይሄማ ምን ችግር አለው? ቁጥሩን አጥፋና ድገመው።»

የሰማኝም አልመሰለኝ። «ጥድፊያ» አለ።

ጥድፊያ ያልነው ሲናገርም ሲራመድም የሚቸኩል ልጅ ነበር፤ በአለቃው አባት ጊዜ እኛ ጋ ፕሮግራመር ሆኖ ሠርቷል። የራሱን ሌላ ሶፍትዌር ይዞ መጥቶ፣ የተሻለ ነው ብሎ አሳምኖ እንዲሞክረው ተፈቅዶለት ነበር። የቆረጠው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተዛብቶ ወጣ። ይቀያይራል፣ ይቆርጣል፣ ያው ይሆናል። የለካሁለትም እኔው ነኝ። በስተመጨረሻ የአለቃው አባት ሶፍትዌሩም ባለቤቱም አንድ ናቸው ብለው አሰናበቱት። ጥድፊያ ቸኩሎ አጠመመው እያልን ስንስቅ ከረምን።

«የእሱ ፖስት የእኔ ቁጥር አልነበረበትም» አለ ጋሼ። «ልጁ ልክ ነበር። አጠገቡ ቆሜ እጁን ሲያፍተለትል እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።»

«ረስተኸው ነዋ።»

«ረስቼው ነው» አለ። እንዲህ ሲል ግን ራሱን የሚያጽናና ሰው አይመስልም ነበር። «አሁንም ባለሙያውን ባላስጠራ ኖሮ እሷን ነበር የምጥላት። ትሸነፍ ነበር፤ እኔም ልክ ነኝ ብዬ እሄድ ነበር።»

አብረን አለቃው ቢሮ ገባን። አዲሷም እዚያው ነበረች። ጋሼ ምንም ሳያስቀር ነገረው፣ የጥድፊያንም ጭምር። እኔ ሳስበው ይህን ያህል መናገር አያስፈልገውም ነበር። ስህተት አግኝቻለሁ፣ ልድገመው ቢል ይበቃው ነበር።

«አንድ ቁጥር ናት እኮ» አለች አዲሷ። «ያጥፏትና ይድገሙት። እኔ ቅር አይለኝም። የእሳቸው ልስላሴ ከእኔ እንደሚበልጥ ሁላችንም አይተናል።»

አለቃው ኢምፔለሩን አንስቶ አገላበጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጋሼን አንተ ነበር የሚለው። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢታመሙ ኖሮ» አለ፤ «ይህን ማሽን በሌላ ሶፍትዌር የነካው ሁሉ ሥራ ያበላሽ ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያውቅም አይኖርም። አባቴም ሳያውቅ ሞተ።»

«አዎ።»

«ተንኮል አላየሁበትም። ግን አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ማሽን ይዤ መቀጠል አልችልም። ደግመው ቢያሸንፉም ይሄ ነገር አይለወጥም።»

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሼ ክንዴን ያዘ። «መድገሙን እኔም አልፈልገውም» አለ። «ለዚያ ልጅ አልተደገመለትም።»

አዲሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያሸነፈ ሰው መልክ አልነበራትም።

ስንወጣ ቤት አልሄድንም። ጥድፊያ የሰው ሚኒባስ እንደሚነዳ ሰምተን ስለነበር መናኸሪያው ዳር ጠበቅነው። ተሳፋሪ እየጫነ ሳለ አየን።

«ጋሽ ቀስ» አለ በመስኮቱ። «ምን እግር ጣለህ?» ፀጉሩ ሸብቷል፤ አነጋገሩም ረግቷል።

ጋሼ በሩን ተደግፎ ነገሩን ከሥሩ ነገረው። ጥድፊያ ሞተሩን አጠፋ።

«ስንት ነበር?» አለ።

«የፀጉር ያህል። ቢበዛ የሁለት ፀጉር።»

«ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ ልክ ነበር» አለ ጥድፊያ መሪውን እያየ። «እኔ ግን በመጨረሻ ስክሪኑንም ራሴንም ማመን ተውኩ። ለሚስቴ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ነው ያልኳት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም።»

«ልክ ነበርክ።»

«እሺ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «አሁን ምን ላድርግበት ጋሼ?»

ጋሼ ከበሩ ቀና አለ። «ለአለቃው ነግሬዋለሁ። ስምህ…» አለና ተወው።

«ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» አለች ከኋላ የተቀመጠች ሴት።

ጥድፊያ ቁልፉን አዞረ። «አንተስ? አሁንም እዚያው ነህ?»

«ነበርኩ» አለ ጋሼ።

ጥድፊያ ቀና ብሎ አየው፤ ገባው መሰለኝ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋበት እጁን ብቻ አንስቶ ሄደ።

«ይቅርታ ሳልለው» አለ ጋሼ። የቆመበትን አልለቀቀም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ የደወለውን ሰው አየና ለእኔ ሰጠኝ።

«ለካህ?» አለች እህቴ፣ «አቤት» ስላት ድምፄን ለይታ።

«እየመጣን ነው እትዬ» አልኳት።

«ይዘኸው ና» አለችኝ።