የአጉራሹ ወንበር

ጥርስ ሠሪዋ ታንኩን የምትገጣጥመው በምሳ ሰዓት ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከምትቀርጽበት ጠረጴዛ ጥግ፣ ሰም ከምታቀልጥበት እሳት አጠገብ፣ ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ የፕላስቲክ ታንክ ሦስት ወር ሙሉ ቅርጽ ሲይዝ ከረመ። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት ሴቶች፣ «ጦር ልታዘምቺ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም፣ «ካዘመትኩ በእናንተ ነው የምጀምረው» ብላ ታልፋቸዋለች። ለምን እንደምትሠራው ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ታላቅ ወንድሟ የዘመተው በዚህ ዓይነት ታንክ ነው። ወንድማለም ነበር የምትለው። ሲሄድ አሥር ዓመቷ ነበር፤ አሁን አርባ አምስት ሞልቷታል። ከእሱ የተረፈው አንድ ፎቶ ነው። በታንኩ ፊት ለፊት ካለው የሹፌር ቀዳዳ እስከ ወገቡ ብቅ ብሎ፣ ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ይስቃል። በዚያ ፎቶ ቤተሰቡ ሁሉ ሹፌር ነው ብሎ ያዘ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በሌላ ታንክ የነበረ አንድ ወታደር አፈላልጎ መጣና አልቀመጥም ብሎ እንደ ቆመ፣ «ታንካቸው ከፊት ነው የተመታው። ሹፌሩ አልወጣም። ሌሎቹ ሲዘሉ ከሩቅ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደገቡ አላውቅም» አለ። ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። አባትየው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ልጁን ተከተለ። እናትየዋ ደግሞ፣ «እኔ እርሜን አውጥቻለሁ» እያለች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ የምትነሳ ሴት ሆና ቀረች።

ጥርስ ሠሪዋን የሚያንገበግባት ድምፁን መርሳቷ ነው። ሳቁ ይታያታል፤ አይሰማትም። መቃብር የሌለውን ሰው ሰው የት ሄዶ ይናፍቀዋል? እሷም ቢያንስ የተቀመጠበትን ቦታ ልወቀው ብላ ነው ከታንኩ ጋር የተያያዘችው። ከዕቃው ጋር የመጡት አራት ትንንሽ ሰዎች ነበሩ። ሹፌሩ ጭንቅላቱ ብቻ የሚታይ ስለሆነ፣ እንደ ፎቶው እንዲሆንላት ደረትና ክንድ ከሰም ቀርጻ ቀጠለችለት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ የታች ጥርሳቸውን ሊለኩ መጡ። ቁመታቸው አጠር፣ ትከሻቸው ሰፋ ያለ ነው። ጥርሳቸው እስኪገባ ድረስ የሚሉት ሁሉ ስለሚኮላተፍ ዝም ብለው ወደ ታንኩ ሲያዩ ቆዩ። ጥርሱን አጥልቀው፣ ነክሰው፣ ምላሳቸውን አዙረው ከሞከሩት በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው፣

«ሹፌርሽ ተሳስቷል» የሚል ሆነ።

«ጥርሱስ ጋሼ?»

«ጥርሱ ደኅና ነው። ሹፌሩ ነው የተሳሳተው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሹፌር እንዲህ እስከ ወገቡ አይወጣም። ራሱ ብቅ ካለ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ስድስት ዓመት ተኳሽ ነበርኩ፤ አውቀዋለሁ።»

ጥርስ ሠሪዋ እጇን ታጠበችና ከመሳቢያዋ ፎቶውን አወጣች። «እንግዲህ እሱ እንዲህ ነው የወጣው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ እልህ ነበረበት።

ሽማግሌው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ለፎቶ የገባ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ቆሟል። መድፉ ወደ ጎን መዞሩን አየሽ? ለፎቶ ሲባል ነው። እኛም ሁላችን እዚያ ቀዳዳ ገብተን ተነሥተናል፤ የእኔ የተኳሹ ቦታ ከውጭ ስለማይታይ ለእናቴ የላክሁት የሹፌር ፎቶ ነው።» ከዚያ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ።»

«ግራኝ ነበር?»

ጥርስ ሠሪዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ይህን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መምህሩ ግራ እጁን ከዴስኩ ጋር አስረው በቀኙ ያስጽፉት እንደነበር፣ ደብተሩ የዶሮ ጭረት እየመሰለ ይመለስ እንደነበር ታስታውሳለች።

«እንዴት አወቁ?»

«የግራ እጁ ጀርባ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ተመልከቺ። አጉራሽ ነው። አጉራሹ ከመድፉ በስተቀኝ ነው የሚሆነው፤ መድፉ በግራው ይውላል። ጥይቱን አንሥቶ በግራ ጡጫው ነው የሚገፋው፤ ጣቱን ከዘረጋ መዝጊያው ይወስድበታል። ለቀኝ እጀኛ ፈተና ነው። ግራኝ ሲመጣልን እንደ ሎተሪ ነበር የምናየው።»

የታሰረች እጅ፣ የተገረፈች እጅ፣ አንድ ቦታ ላይ ተፈልጋ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ልትደሰት ስትል ሌላው ሐሳብ መጣባት።

«ጋሼ፣ አጉራሹ መውጫ አለው?»

ሽማግሌው ታንኩን በሁለት እጃቸው አንሥተው አናቱ ላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ክዳን በጥፍራቸው ነካ አደረጓት። «ይቺ የሱ ናት። በግራ ያለችው የአዛዡ ናት። መውጫ የሌለኝ እኔ ተኳሹ ነኝ፤ አዛዡ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ፊቷን አዩና ታንኩን አስቀመጡት። «ልጄ፣ አለው አልኩሽ እንጂ ወጣ አላልኩሽም።»

«ገብቶኛል» አለች። ግን ያን ቀን ሁለት ጥርስ አበላሸች።

ሽማግሌው ነገር ጀምረው የሚተዉ አልነበሩም። በሳምንቱ ወደ ቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ይዘዋት ሄዱ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በፎቶው ላይ ከታንኩ ጎን የተጻፈውን ቁጥር ገለበጠችና ተመለሱ አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው በመጨረሻ አንድ ገጽ ቅጂ ተሰጣቸው። የአራት ሰው ስም ነው። ከወንድሟ ስም ትይዩ «አጉራሽ» ይላል። በመጨረሻው ዓምድ ከሹፌሩ ስም ፊት «የተሰዋ»፣ ከሦስቱ ስም ፊት «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

የሰሙን ደረት ቀርፋ ጣለች። ወንድሟን በቀኙ ክዳን በኩል ቀና አድርጋ ተከለችው፤ ትንሹ አጉራሽ ከፋብሪካው የመጣው በቀኝ እጁ ጥይት ይዞ ስለነበር ክንዱን ቆርጣ ግራ አድርጋ ሠራችለት። ቅዳሜ ጠዋት ታንኩን በካርቶን ይዛ እቤት ገባች።

እናቷ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ስለዚህ ታንኩን በጣቷ ነበር ያየችው።

«እማዬ፣ ሹፌር አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር?»

«አጉራሽ። ጥይት የሚያጎርስ።»

«አንቺንስ ገንፎሽን ያጎረሰሽ እሱ አይደል» አለች እናቷ። ጣቷ ትንሹን ሰው አገኘው፤ በግራ ክንዱ ላይ ወርዶ ቆመ። «ከፊት፣ ለብቻው አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም። ከመድፉ ወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች አሉ። እጁን ቢዘረጋ ይነካቸዋል።»

«እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ለብቻው ነበር የሚመስለኝ። ከዚያስ?»

ጥርስ ሠሪዋ የመውጫውን ክዳን ነገር እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት መንገድ ሙሉ ስታስብ ነበር የመጣችው። «መዝገቡ ያልታወቀ ነው የሚለው» አለች።

«እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር» አለች እናቷ። «ስማቸውን አንብቢልኝ።»

አነበበችላት። እናቷ አራቱንም ስም በከንፈሯ እየደገመች ተከተለቻትና ሹፌሩ ላይ ስትደርስ እጇን አነሣች።

«እንግዲያ ያን ጊዜ ያለቀስነው ለዚህ ልጅ ነው» አለች። «እናቱን ግን ለቅሶ አልደረስናትም።»

«እማዬ፣ በሕይወት ትኖር አትኖር ማን ያውቃል?»

«ጠይቂያ። የኛን ስም ያገኘ መዝገብ የሷን ያጣል?»

አድራሻው ከወር በኋላ ተገኘ። ሽማግሌው ሱፋቸውን ለብሰው አብረዋቸው ሄዱ። ደረጃው ስለበዛ እናትየዋ በየፎቁ እያረፈች ወጣች። በሩን የከፈተችላቸው በስድሳዎቹ ያለች ሴት፣ የሹፌሩ እኅት ነበረች። እናታቸው ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

እናትየዋ በር ላይ እንደ ቆመች የሴትየዋን እጅ ያዘች። «የኔ ልጅ ከወንድምሽ ጋር አንድ ታንክ ውስጥ ነበር። ዘግይተናል፤ ይቅር በይን።»

ሴትየዋ አቅፋ አስገባቻቸው። ብዙ ተለቀሰ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ እያዩ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። ለቅሶው በረድ ሲል ሴትየዋ ውኃ አቀረበችና እናትየዋን ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«የእናንተስ?»

ጥርስ ሠሪዋ እንደ ልማዷ ቀድማ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ብርጭቆውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና፣

«የኛ አልታወቀም» አለች። «ስለ ወንድምሽ ግን እስቲ አጫውቺን፤ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»