ለአርባ ሦስት ጥያቄ ሦስት ሦስት መልስ

ሦስት ዓመት ተጽፎ ሦስት ዓመት ያልተፈጸመ ዕቅድ ይሰረዛል፤ አራተኛ ዕድል የለውም። ሕጉን ያወጡት የደራሲውና የእህቱ ሟች አባት ናቸው። ርዕሰ መምህር ስለነበሩ ቤታቸውንም የሚያስተዳድሩት እንደ ትምህርት ቤት ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ልጆቻቸው አምስት አምስት ዕቅድ ይጽፋሉ፤ አንዱ በሌላው ወረቀት ላይ ይፈርማል። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ፈራሚው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ባለዕቅዱ "ተፈጽሟል" ወይም "አልተፈጸመም" ይላል። ማብራሪያ አይፈቀድም። አባትየው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፤ የልጆቹም ፀጉር ሸብቷል፤ ሕጉ ግን እንዳለ አለ።

ስለዚህ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከቀትር በኋላ ደራሲው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ከምሮ እህቱን ይጠብቅ ነበር። አንደኛው ዕቅዱ "ልቦለዱን መጨረስ" ይላል። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ዛሬ "አልተፈጸመም" ካለ ልቦለዱ መሳቢያ ይገባል፣ ዳግመኛም አይነካም። ሌላ ሰው ቢሆን የአባቱን ሕግ በሳቅ አልፎት ይሄድ ነበር። እሱ ግን ያደገው በዚያ ቤት ነው።

መፍራት ነበረበት፤ አልፈራም። ሚስቱ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ደስታም ሆነ ሐዘን ጠልቆ ተሰምቶት አያውቅም። ጥርስ ሊነቀልለት መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዞ ቀርቷል። ድዱስ ሲመሽ ይለቀዋል።

ቀን ቀን ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። የመድኃኒት መግለጫና የመማሪያ መጽሐፍ ያርማል፤ የሌላውን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሲያጠፋ ይውላል። ባልደረቦቹ "ነጠላ ሰረዝ" ይሉታል፤ የጀመረውን ወሬ አራት ነጥብ ላይ አድርሶት አያውቅምና። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ይከፍታል።

ሚስቱ ከመሄዷ በፊት ጀምሮ የሚጫወተው የፍቅር ጨዋታ ነው። ጥይት አይተኮስበትም፣ መኪና አይገለበጥበትም። አንዲት የወደብ ከተማ አለች፤ እዚያ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ዝናብ ሲይዝህ ሱቋ ታስጠልልሃለች፤ እየሰፋች ትጠይቅሃለች። ከጥያቄዋ ሥር ሦስት መልስ ይመጣል፤ አንዱን ትመርጣለህ። ደህና ከመለስክ ትቀርብሃለች፤ ካበላሸህ ደግሞ ጨዋታውን ወዳስቀመጥክበት ቦታ ተመልሰህ እንደገና ትሞክራለህ።

በዚህ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ብቻ አራት አሉ። ከእንጨት የተጠረበ ንጉሥ ለመክበብ ግማሽ ቀን አገጩን ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ሊቅ ይሉታል። የማያውቀው ሰው ኳስ ስለሳተ የሚያለቅሰውን ጤነኛ ይሉታል። አንዲት ሴት የጠየቀችውን በወጉ ልመልስ ብሎ የሚጨነቀው ግን ለእነሱ ሕፃን ነው። ይህ ንቀት ከየት እንደመጣ ለማወቅ መመራመር አያሻም። ፍቅርን ሳይማረው ያለፈ ሰው፣ ሲማረው የተገኘ ሰው ሲያይ ያፍራል፤ ሐፍረቱንም በሳቅ ይሸፍነዋል።

ደራሲው ጨዋታውን አሥራ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ምሽት አድርሶታል። በመጨረሻው ምሽት ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ታስቀምጥና "መርከቡ ነገ ይሄዳል። ትቆያለህ?" ትለዋለች። እዚያ ላይ ሲደርስ ያለበትን ያስቀምጥና ኮምፒውተሩን ይዘጋል። አንድም ቀን መልሶላት አያውቅም።

እህቱ ስትመጣ የሥራ ጫማዋን በላስቲክ ቋጥራ ይዛ ነበር። ነርስ ናት፤ በስድስት ዓመት ትበልጠዋለች።

"ዛሬም በፒጃማ ነህ?"

"ሱሪ ነው፣ እቴ።"

"ሱሪ ከሆነማ የባሰ ነው።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ሙሽሪትስ እንዴት ናት?"

"ደህና ናት።"

"ልብስ ሰፊ ናት አላልከኝም? የጃኬትህ ብብት ተተርትሮ እያየች ዝም ትላለች?"

ብብቱን በክንዱ ሸፈነ። ከቦርሳዋ የታጠፈውን ወረቀት አወጣችና መነጽሯን አደረገች። እንደ ልማዷ ከታች ወደ ላይ ነበር የምታነበው።

"አምስት። በሳምንት ሁለት ቀን በእግር መሄድ።"

"አልተፈጸመም።"

"አራት። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማሠራት።"

"አልተፈጸመም።"

"እሱንስ እየሰማሁት ነው። ሦስት። እህቴን በወር አንዴ መጠየቅ።"

"አልተፈጸመም።"

እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ አለፈችው። "ሁለት። ቁም ሣጥኑን ባዶ ማድረግ።"

ቁም ሣጥኑ ውስጥ አሁንም የሚስቱ የክረምት ካፖርት ተሰቅሏል። "አልተፈጸመም" አለ።

"አንድ። ልቦለዱን መጨረስ።"

"ተፈጽሟል።"

እህቱ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። "እውነትህን ነው?"

"ይኸው።"

ክምሩን ወደ ራሷ ጎተተች። እሱ በመስኮቱ ከማዶ ያለውን የጎማ ጥገና ቤት ሲያይ ቆየ፤ አንድ ሰውዬ ጎማ እያንከባለለ አስገባ፣ እያንከባለለ አወጣ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ እህቱ ቆመች።

"ምንድነው ይሄ? ሚስትየው 'የት አመሸህ?' ትላለች። ከሥሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይላል።"

"መልሶቹ ናቸው።"

"እሱማ ገባኝ። የትኛው ነው የመለሰላት?"

"ገና አልመረጥኩም። ሦስቱም ያስኬዳሉ።"

ገጾቹን ገለበጠች። ሃያ ሁለተኛው ላይም አለ፤ ሠላሳኛው ላይም አለ። ሚስትየው በጠየቀች ቁጥር ከጥያቄዋ ሥር ሦስት መልስ በተራ ቁጥር ተደርድሯል። መጀመሪያ ለሥራ እንዲያመቸው ያደረገው ነበር፤ ለጊዜው ሦስት ጽፎ ኋላ አንዱን ሊመርጥ። ያ ኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አልመጣም። ታሪኩ ግን ዙሪያውን አድጎ፣ ምዕራፍ ተከፍሎ፣ መደምደሚያ አግኝቶ አለቀ።

"አንተ ሰው፣ አንባቢው ነው እንዴ የሚመርጠው?"

"እንደዚያ ብዬም አስቤ ነበር።"

"አባባ ቢኖሩ ይሄንን ምን ይሉት ነበር?"

"አልተፈጸመም።"

"እኔም ያው ነኝ።" እስክሪብቶዋን አነሳች። እሱ አልተቃወመም፤ አንድ ሌላ ሰው ሲፈረድበት እንደሚያይ ሆኖ እጇን ተመለከተ። ያበሳጫት ይኼው ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች።

"ቢያንስ ለምነኝ እንጂ። ሦስት ዓመት እኮ ነው።"

"ሕጉ ግልጽ ነው።"

"ሕጉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው የሚለው። ቀይህን አምጣ። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ፣ ሌላውን ትሰርዛለህ። ማሰብ የለም። በሽተኛ የት ላይ ያምሃል ሲሉት አማርጦ አይመልስም።"

ጀመሩ። እህቱ የሚስትየውን ጥያቄ የምታነበው በተረኛ ነርስ ድምፅ ነበር። "የት አመሸህ?" "ሁለት።" ሰረዘ። "ደብዳቤውን ማን ከፈተው?" "አንድ።" ሰረዘ። "እናቴን ለምን ትጠላታለህ?" "ሦስት።" "ሦስትማ ውሸት ነው" አለች እህቱ፤ "ሰውየው መዋሸት አለበት" አላት። አንዳንዴ መልሱን ስታነብ ሳቋ ያመልጣታል፤ አንዳንዴ "ምስኪን" ብላ ገጹን ትገልጣለች። የጎማ ጥገናው ሰውዬ በሩን ዘጋ። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ሲደርስ አርባ ሁለት ጥያቄ ጨርሰው ነበር።

አርባ ሦስተኛው ጥያቄ ገጽ ሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ ነው። ሚስትየው ሻንጣዋን ይዛ በሩ ጋ ቆማለች።

"ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። ትለኛለህ?" እህቱ አነበበች።

ቧንቧው አንጠባጠበ። ከጥያቄው ሥር አንድ "ቆዪ"፣ ሁለት "ሂጂ"፣ ሦስት "እኔ እንጃ" ይላል።

"በል እንጂ፣ ፀሐይዋ…" ካለች በኋላ ተወችው። ወንድሟን አየችው። ሚስቱ እንደሄደች ያውቅ የነበረው ሁሉ እንዴት እንደሄደች አያውቅም፤ እህቱም ጭምር። "አንተን ነው እንዲህ ያለችህ?"

"አዎ።"

"ምን መለስክላት?"

"እየጠበቅኩ ነበር።"

"ምኑን?"

"መልሶቹ እስኪመጡ። ከሥር።"

እህቱ አልሳቀችም። "ከዚያስ?"

"ዝናብ ነበር። ጃንጥላዋን ረስታው ነበርና አቀበልኳት።"

"አቀበልካት።"

"አዎ። አመሰግናለሁ አለች።"

እህቱ ሰው አጥፍቶ እንዳገኘችው ሁሉ አፍጥጣ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ገጹ መለሰች። "ታዲያ ከሦስቱ የትኛው ነው?"

"አንዱም አይደለም።"

"እንግዲያው ሦስቱንም ሰርዝ፤ የሆነውን ጻፍ።"

ሦስቱንም ሰረዘ፤ አራሚ እንደሚሰርዝ፣ በቀጥታ መስመር፣ ፊደሉ ከሥር እንዲነበብ አድርጎ። ከጎኑ "ጃንጥላዋን አቀበላት" ብሎ ጻፈና አራት ነጥብ አስገባ። አንድ ነገር እንዲሰማው ትንሽ ጠበቀ። ጣቶቹ ቀይ ቀለም ነክቷቸዋል፤ ሌላ ነገር አልነበረም።

እህቱ ከአንደኛው ዕቅድ ጎን "ተፈጽሟል" ብላ ፈረመች። ተነሥታም ቧንቧውን ለማጥበቅ ታገለች፤ እምቢ ሲላት ከሥሩ ድስት ደቀነች። ፊቷን ሳትመልስ "ደስ አላለህም?" አለችው።

"ይመስለኛል።"

"ደስታ ይመስለኛል አለው እንዴ?"

"ነገ ይሰማኝ ይሆናል።"

"ነገ ተረኛ ነኝ፤ የመጪውን ዓመት አሁኑኑ እንጻፈው።" አዲስ ወረቀት አወጣችና ተቀመጠች። "አንድ?"

ደራሲው ጥግ ላይ የተዘጋውን ኮምፒውተር አየ። "ለልብስ ሰፊዋ መልስ መስጠት።"

ይቀልድ እንደሆነ ልታይ ቀና አለች። አይቀልድም። አንድም ቃል ሳትጨምር ጻፈችው።

"ሦስት ዓመት አለህ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሁለት?"

"ቧንቧው" አለ።