ዋይፋዩ ሰርቪስ ቤት ሲደርስ

በእኛ ግቢ የተበላሸ ነገር የሚቃናው በእኔ እጅ ነው። ባሌ ሞቱማ ይህን ሲሰማ አይወድም፤ እውነት ግን እውነት ነው። ልጃችን ሐዊ ለሥራ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ እንድትቀርብ ከአዲስ አበባ ሲደወልላት፣ ዋይፋዩን ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤቱ የማደርሰው እኔ እንደሆንኩ ወዲያው አወቅሁ።

ሐዊ ድባጤ ስታስተምር ያ የግጭት ክፉ ጊዜ መጣና ሸሽታ አሶሳ እኛ ጋ ገባች። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ካለው ሰርቪስ አትወጣም። መኪና አትሳፈርም፤ ሰው ሲበዛ ትርበተበታለች። ሥራው ሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ፣ የስደተኛ ልጆችን ማስተማር ነው። ማመልከቻውን ራሷ መላኳን ሳውቅ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ይህ ካመለጣት ግን ዳግመኛ ጠመኔ የምትይዝ አልመሰለኝም፤ ይህን እፈራ ነበር።

ሞቱማ ከገበያ ኤክስቴንደር ገዝቶ መጣ፤ ዋይፋዩን ተቀብላ ወደፊት የምታስተላልፍ ትንሽ ነጭ ዕቃ ናት። ወስዶ ሐዊ ራስጌ ሰካት። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፤ አንድም ገጽ ግን አልከፍት አለ።

«ኔትወርኩ ነው» ብሎ ሊተወው ሲል፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አልኩት። ስልኬን ይዤ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሄድኩ። ማንጎው ሥር እስክደርስ ዋይፋዩ ደህና ነበር፤ ከማንጎው ወዲያ ጠፋ።

«አየህ፣ ሰርቪሱ ጋ ለዚች ዕቃ የሚደርሳት ነገር የለም። ራሷ ሳትበላ ለሰው ምን ታካፍል?»

ነቅዬ ከማንጎው ወዲህ ባለው ማድቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ሰካኋት። ሐዊ ክፍል ውስጥ ቪዲዮው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሞቱማ «እሺ፣ ኢንጂነር!» አለኝ። ቀልዱን እንደ ሹመት ተቀበልኩ።

ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። በዚያ ሐሙስ ደግሞ የሰፈራችን የጸሎት ኅብረት ተራው እኛ ቤት ደረሰ። ሳሎኑ በሰው ሞላ፤ ኪቦርዱ ተከፈተ፣ ዝማሬው ደመቀ። ይህ አላሳሰበኝም፤ ሰርቪሱ ሩቅ ነው፣ በሩም ዝግ ነው።

መዝሙሩ መሃል ሞቱማ በጓሮ በር ገብቶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ምስሉ ይቆራረጣል። ሐዊ ተስፋ ቆርጣለች። ይቅርብኝ፣ ልዝጋው ትላለች።»

ትናንት እንደ ውሃ የፈሰሰው ዛሬ ምን ነካው? ዞር ብዬ ሳሎኑን አየሁ። በየሰዉ ጉልበት ላይ ስልክ በርቷል። መጽሐፍ ቅዱሱ ስልክ ላይ፣ መዝሙሩ ስልክ ላይ፤ ወንጌላዊ ሁንዴሳማ ፕሮግራሙን በቀጥታ ነቀምት ላሉ ዘመዶቹ ያስተላልፋል። ፓስወርዱን ለሁሉም ያደልኩት እኔው ነኝ። ቤቴ ለገባ እንግዳ ሳይጠይቀኝ ውሃ እንደማቀርብለት፣ ፓስወርዱንም ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ።

ለእንግዳ የሰጡትን መልስ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ያውም በጸሎት መሃል። ቢሆንም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ብድግ አልኩ።

«ወገኖቼ፣ ይቅር በሉኝ! ዋይፋዬን መልሱልኝ። ልጄ ጓሮ ፈተና ላይ ናት፤ ስልካችሁን አጥፉልኝ።»

ኪቦርዱ ቆመ። ፊቴ በሐፍረት ጋለ። ወንጌላዊ ሁንዴሳ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተና፣ «እህት ብርሃነሽ፣ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪን? ለእሷ ነበር የምንጸልየው» አለኝ።

ሁሉም ስልኩን አጠፋ። ተንበርክከው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሐዊ ጸለዩ። እነዚህ ሰዎች ሲጸልዩ እስከ አስፋልቱ ይሰማሉ፤ ያን ቀን ግን ጣሪያው ላይ ማንጎ ሲወድቅ ሰማሁ።

ብዙ ቆይቶ የጓሮው በር ተከፈተ። ሐዊ ናት። ሰው ወዳለበት ሳሎን ስትገባ ከድባጤ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዝማሬያችሁ ለምን ቆመ?» አለች።

«እሱን ተዪው፤ እንዴት ሆንሽ?» አልኳት።

«ከተቋረጠ በኋላ ተስተካክሎልኝ ሁሉንም መለስኩ። ማክሰኞ ሸርቆሌ መጥተሽ ትምህርት ቤቱን እዪ ብለውኛል።»

«አታስቢ፣ መኪና ተኮናትረን እኔና አባትሽ እናደርስሻለን።»

«አይ፣ እማዬ። በሚኒባስ፣ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

ለሁሉ ነገር መላ የማላጣው ሴትዮ፣ ሰው ፊት አለቀስኩ። ሐዊ እንግዶቹ መሃል ክፍት ቦታ ፈልጋ ተቀመጠችና፣ «በሉ፣ ቀጥሉ እንጂ» አለቻቸው።