አርባው ጽሑፍ

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ሃያ ሦስተኛውን ስላይድ ስታሳይ ከሐኪሞቹ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ነበሩ። ሕክምናቸውን በተፈተነ ጥናት ላይ እንዲመሠርቱ ለማስተማር ይህችን አንድ ሰዓት ለማግኘት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታለች። ስታገኛት ደግሞ ስለ ጥናት ፍለጋ ስልት በማውራት ጨረሰቻት። ሰው የለመነውን ሲያገኝ እንዲህ ያደርገዋል መሰል።

"ጥያቄ ያለው አለ?"

ከኋላ ለጋው ሐኪም እጁን አወጣ። "እትዬ ፍለጋ፣" አለ፤ ሐኪሞቹ ያወጡላት ስም ነው። "ስድስተኛ አልጋ ያሉት አባት ወገባቸውን አሟቸው የገቡ ዕለት፣ ይተኙ ወይስ ይንቀሳቀሱ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"በማግስቱ ላክሁልህ እኮ።"

"ልከውልኛል፤ አርባ ጽሑፍ። ተረኛ ነበርኩ፣ ከየቱ እንደምጀምር ግራ ገባኝና ተውኩት። እንደ ልማዳችን ሦስት ሳምንት አስተኛናቸው።"

"አሁንስ?"

"ወገባቸው ተሽሏቸዋል። እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ። ትናንት ልጃቸው ደግፋቸው ሊቆሙ ሲሉ ወደቁ።"

ያን ዕለት ምሳዋን ትታ ስትፈልግ ውላ፣ አርባ ማግኘቷ አኩርቷት ነበር። መልሱንም ታውቀው ነበር፤ ሰውየው መንቀሳቀስ ነበረባቸው። አንድ መስመር ብትጽፍ ይበቃ ነበር። ለሐኪም መልስ መንገር ድፍረት ነው ብላ ተወችው። ልኬን ማወቄ ነው ስትል የኖረችው ነገር ፍርሃት ኖሯል።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣" አለች።

"አስተኟቸው ያልኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ምን አጠፉ?" አሉ ከፊት የተቀመጡት ዋናው ሐኪም። ሰዓታቸውን አዩ። "በሉ፣ የቀረውን በሚቀጥለው ሳምንት ይቀጥሉልናል።"

"አልቀጥልም።" ፕሮጀክተሩን አጠፋች። "ከነገ ጀምሮ ሕሙማንን ስትጎበኙ አብሬያችሁ እዞራለሁ። እናንተ ጥያቄውን አጥርታችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔ መልሱን ባንድ ገጽ አመጣለሁ። ማስረጃው ደካማ ከሆነም ደካማ ነው እላችኋለሁ። እንዴት እንደመዘንኩት እዚያው አልጋው አጠገብ አሳያችኋለሁ።"

"እንግዲያው ነጭ ጋዋን እናሰፋልዎታ፣" አለ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ዋናው ሐኪም ግን አልሳቁም።

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምንጀምረው፣ እንዳያረፍዱ፣" አሏት።

ከስብሰባው ስትወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ አልተመለሰችም። ደረጃውን ወጥታ ስድስተኛው አልጋ ጋ ደረሰች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ልጃቸው ባታቸውን ታሻለች።

"አዲሷ ሐኪም ነዎት?" አለች ልጅቱ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

"አይደለሁም፣ የኔ እመቤት። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።"

እግዜር ይማርዎ ብላ መመለስ ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም።

"አባትሽ መተኛት እንዳልነበረባቸው ከሦስት ሳምንት በፊት አንብቤ ነበር፣" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።