የተቃጠለው አድራሻ

ኤልደር ክሪክ ከተቃጠለች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከከተማዋ የተረፈ ነገር ቢኖር የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደረጃና የነዳጅ ማደያው የጠቆረ ምሰሶ ነው። ኦፓል ትራስክ ግን ቤትሽ የት ነው ብሎ ለጠየቃት ሁሉ አፏን ሞልታ «ኤልደር ክሪክ፣ ሲዳር መንገድ» ነበር የምትለው። የምትኖረው ካልሁን ከተማ ዳር፣ የድሮው የከብት ጨረታ ሜዳ ላይ በቆመ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። እንደ እሷ ከእሳቱ ያመለጡ ሃያ ያህል ቤተሰቦችም እዚያው ሜዳ ላይ ሰፍረዋል። ማንም ሳይሾማት የካምፑ አለቃ እሷ ሆናለች።

የካልሁን ሰዎች መጀመሪያ ደጎች ነበሩ። ብርድ ልብስና የፖም ኬክ ተሸክመው መጡ፣ አቅፈው አለቀሱ፣ ፎቶም ተነሱ። የሰው ሐዘን ግን ቶሎ ይሰለቻል። በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ሲይዙ «አመዶቹ መጡ» መባል ተጀመረ። በመጨረሻም ካምፑ ይቆይ ወይስ በረዶ ሳይጥል ይፍረስ የሚለው ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ።

እዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ነው። ወረቀቱ በተመዘገቡበት አድራሻ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ሞልቶ፣ ፖስታው ላይ ፈርሞ መመለስ ነው። የካምፑ ጥያቄ ያለበት ወረቀት የሚላከው ካልሁን ውስጥ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነበር። ካምፑ ውስጥ ደግሞ አንድም ሰው ካልሁን አልተመዘገበም። ይህ የኦፓል ሥራ ነው።

ጆሊን የምትባል የሁለት ልጆች እናት ገና በጸደይ ወራት ጠይቃት ነበር።

«ሚስ ኦፓል፣ የምርጫ አድራሻችንን ወደዚህ ማዞር የለብንም እንዴ?»

«አድራሻውን የሚያዞር ቤቱን የካደ ነው» አለች ኦፓል፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ፖስታችን እንዲከተለን ፖስታ ቤት ሄደን ካርድ ሞልተን የለም? ጡረታዬ ተከትሎኝ መጥቷል። የጥርስ ሐኪሙ ሂሳብ እንኳ አላጣኝም! የድምፅ ወረቀቱ ብቻውን መንገድ ይጠፋዋል? ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ካልሁን እንዲህ ካማረሽ አንዱን ገበሬ አግቢና አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጆሊን አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አድራሻ ትንፍሽ ያለ የለም።

ፖስታ ቤት ሁሉን ነገር ባለቤቱ ወዳለበት ይልካል፤ የድምፅ ወረቀትን ግን አይልክም። ሰውየው አድራሻው ላይ ከሌለ ወረቀቱ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህን ኦፓል አታውቅም ነበር፤ አለማወቋን ደግሞ አታውቅም።

ካልሁን ውስጥ ወረቀቱ ለየቤቱ ሲታደል ካምፑ የደረሰው የማዳበሪያ ማስታወቂያ ብቻ ነው። «ፖስተኛው ሰነፍ ነው» ስትል ከረመች። የምርጫው ዕለት ጠዋት ግን አላስችል አላትና ጎረቤቷን ዌንዴል ክራውስን «መኪናህን አስነሳ» አለችው። ዌንዴል የግንድ መኪና ሲነዳ ያረጀ፣ ሚስቱን ናዲንን እሳቱ የበላበት ሽማግሌ ነው። ልጅም ዘመድም የለውም።

የምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስማቸውን አየችና ቅር አላት።

«ወረቀታችሁ ተመልሶ መጥቷል፣ ወይዘሮ ትራስክ። የላክነው ሲዳር መንገድ ነበር። እዚያ ደግሞ…»

«እዚያ ምን?»

«እዚያ ቤት የለም።»

ኦፓል በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ቀላ። ሠራተኛዋ ልታጽናናት ፈጠን ብላ ቀጠለች። «ግድ የለም፣ አሁንም ይቻላል። እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ክፍት ነን። እዚህ ጋ ከፈረማችሁ አድራሻችሁ ወደ ካልሁን ይዞርና አዲሱን ወረቀት አሁኑኑ እሰጣችኋለሁ። የካምፑ ጥያቄ እሱ ላይ ነው። ሌሎቹም ራሳቸው ይምጡ እንጂ ይደርሳሉ።»

«የድሮውን ወረቀቴን ብፈልግስ?»

«መብትዎ ነው። እሱ ላይ ግን የካምፑ ጥያቄ የለም።»

ዌንዴል እስክሪብቶውን አነሳ። ኦፓል እጁን አየች። እሱ ከፈረመ ነገሩ አበቃ፤ ኦፓል ይህን ሁሉ ሰው በሞኝነቷ ገደል ልትከት ነበር ይባላል። ጆሊን ትስቃለች። ጆሯቸው የደነቆረ አሮጊቶች ሳይቀሩ ይስቃሉ። ይህን ስታስብ ከካምፑ መፍረስ ይልቅ ሳቁ አስፈራት። ወደ ዌንዴል ጆሮ ጠጋ አለች።

«ፈርም፣ ምን ቸገረህ። ናዲን የሞተችበትን ቤት ቤቴ አይደለም ብለህ ፈርም። ያኔ ጥለሃት ወጣህ፤ ዛሬ ደግሞ በጽሑፍ ይሁንልህ።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ። ኦፓል የድሮውን ወረቀት ተቀብላ አንድ ቤት እንኳ ለሌላት ከተማ የእሳት አደጋ አዛዥ መረጠች። የተወዳደረው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ወደ ሌላ ግዛት ከተሰደደ ከርሟል።

መኪናው ውስጥ ዌንዴል እንደ ምንም አፉን ከፈተ።

«ኦፓል፣ ገና እኩለ ቀን ነው። እኔ ይቅርብኝ። ሌሎቹን ግን ጠርተን ብናመጣቸው ይደርሳሉ።»

«ምን ብለህ ልትጠራቸው? ኦፓል ትራስክ ቂል ናት ብለህ?»

«ምንም አልልም። ኑ ብቻ ነው የምላቸው።»

«እኔ እናገራለሁ። አንተ አፍህን ያዝ።»

ሰዉ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃቸው ነበር። ኦፓል ከመኪናው ወርዳ «የመመዝገቢያው ቀን አልፏል አሉን። ዘግተውታል» አለች። ውሸቱ እንዲህ ቀሎ ነው የወጣላት። ጆሊን ዌንዴልን አየችው፤ ዌንዴል ጫማውን አየ። ይህን ክፋት ብዬ ባልጠራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሌላ ስም ግን የለውም።

ካምፑ እንዲፈርስ የተወሰነው በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ ነው። ሜዳው ላይ ድምፅ መስጠት የሚችሉ ከሠላሳ በላይ ሰዎች ነበሩ።

ጆሊን ለልጆቿ ትምህርት ቤት የመኖሪያ ማስረጃ ልታወጣ ሄዳ ያቺኑ ሠራተኛ አገኘቻት። ስትመለስ በቀጥታ የኦፓልን በር አንኳኳች። አልጮኸችም።

«የምርጫው ዕለት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ክፍት ነበር አሉኝ።»

«ተሳስተው ነው።»

«ልጆቼ ከእንግዲህ መኪና ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ ሚስ ኦፓል። የኋላው መስኮት ደግሞ አይዘጋም።»

ኦፓል በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ወሬው እስኪመሽ ድረስ ካምፑን አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሰላም የሚላት ጠፋ።

ተጎታች ቤቶቹን የሚያነሱት ሰዎች በመጡበት ጠዋት አንዲት የሚያብረቀርቅ ትልቅ መኪና ሜዳው ላይ ቆመች። ከውስጧ የኦፓል ልጅ ወረደች። እናቷን ነይ እያለች ስትለምን ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አልጋ ተነጥፎ፣ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ካምፑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ኦፓል ሁልጊዜ «የእኔም ዕጣ ከእናንተው ጋር ነው» ነበር የምትላቸው።

ሻንጣዋን ሊያወጣ የመጣው ዌንዴል ብቻ ነው። ጭኖ ሲጨርስ ልጅቷን አየ፣ መኪናዋን አየ።

«መሄጃ ነበረሽ ለካ» አለ።

«ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዌንዴል። ለአንድ ሰው እንኳ…»

«መቼ ጠየቅሁሽ?» በሩን ዘጋላትና መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለ። «ከኩራትሽ የተረፈ ካለ ግን ተይልኝ። ዛሬ ማታ የምለብሰው እሱን ነው።»

መኪናዋ ተነሳች። ልጅቷ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየች «ማነው እሱ፣ እማዬ?» ብላ ጠየቀች።

«እንጃ። እዚያ የሚኖር ሽማግሌ ነው» አለች ኦፓል። ውጪ በረዶው መጣል ጀምሯል። «ማሞቂያውን ጨመር አድርጊልኝ፤ በረደኝ።»