ዳኛው ሲጠራ

ልብስ ሰፊዋ ውሻውን የወረሰችው ከታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ሲሞት ከአንድ ጃኬትና ከዚህ ግትር ውሻ በቀር የተወላት ነገር የለም። "ዳኛው" ብሎ የሰየመውም እሱ ነው፤ የሁሉንም አቤቱታ ይሰማል፣ ለማንም መልስ አይሰጥም ሲል።

እውነትም ዳኛው ሲጠሩት ጆሮውን ያቆምና ፊቱን ያዞራል። ልብስ ሰፊዋ ሰፈሩን ሁሉ ስታባርረው ትውልና፣ ደክሞት ራሱ ሲመጣ በነጠላ ጫማ ትቀበለዋለች። ለክትባት የወሰደችው ዕለት ይህንኑ ለእንስሳት ሐኪሟ አማረረች። ሐኪሟ መርፌዋን አስቀምጣ አየቻት።

"እትዬ፣ እርስዎ የቀጡት መጥፋቱን አይደለም፤ መምጣቱን ነው።"

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ በሐኪሟ ምክር በረጅም ገመድ አስራው፣ ግቢ ውስጥ በለዘበ ድምፅ አንዴ ብቻ እየጠራች፣ ሲመጣ ቁራጭ ሥጋ ታጎርሰው ጀመር። ማባረርም ተከልክላለች፤ የሚባረር ውሻ ይብሱን ይሸሻል ተብላለች። ሦስት ሳምንት ለፋች። በገመድ ይመጣል፤ ገመዱ ሲፈታ ግን ያው ዳኛው ነው።

አንድ ጠዋት ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ የግቢውን በር ሳትዘጋ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ስትወጣ፣ ዳኛው መንገድ ዳር ከቆመ አሸዋ የጫነ መኪና ኋላ ተኝቶ አጥንት ይግጣል። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ጮኸች፤ ሾፌሩ አልሰማትም። ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሣች። ከሮጠች ግን ውሻው የሚሸሸው ወደ ጎማው ነው።

ቁጢጥ አለችና እጇን ዘረጋች።

"ዳኛው፣ ና።"

ቀና ብሎ አያት። ተመልሶ አጥንቱን አየ። ደግማ እንዳትጠራው ከንፈሯን ነከሰች። ጎማው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ብድግ አለና፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ፣ እየተጎተተ መጣ። አጥንቱ ከኋላው ሲደቅቅ ተሰማ።

አንገቱን እንደያዘች ድንጋጤዋ ቁጣ ሆነ፤ እጇ ሳታስበው ወደ ላይ ወጣ። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ መሬት ላይ ተለጠፈ፤ አልሸሸም። እጇ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችውና ጆሮውን ታሻሸው ጀመር።

ደንበኛዋ በሩ ላይ ቆማ ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ይቅርታ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ነገ እንድትመለስ ነገረቻት።

"ዛሬ እጄ መቀስ አይጨብጥም፣ እህቴ።"